የእናቴ ሜትር

ለእኛ ቤት ሰው ኮፍያ አይበቃም። ይሄ ዝም ብሎ የቤተሰብ ቀልድ ነበር። እኔ ስመረቅ ቆቡ አናቴ ላይ እንደ ሰፌድ ተቀምጦ ነው ፎቶ የተነሣሁት። ወንድሜ ሲመረቅ እናቴ ብልሃት ዘየደች፤ ቆቡን ከኋላ ተረተረችና ጥቁር ጨርቅ ጨምራ ሰፋችለት። ልብስ ሰፊ ናት። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የቤታችን በረንዳ ላይ አንዲት ሲንገር መኪና ነበረቻት። "የእናንተ ራስ ጨርቅ ጨራሽ ነው" ትለን ነበር። የሰፈር ልጆች "እነ ራስ" ይሉናል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደ ማዕረግ ነበር የሚቀበለው። "ደጃዝማችነቱን ዘለልነው" ይል ነበር።

ቀልዱ ያበቃው በ2014 ዓ.ም. ነው። 37 ዓመቴ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የሄድኩት ለፊቴ ነው። አፍንጫዬ ዙሪያና ግንባሬ ላይ ከቆዳዬ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ትንንሽ እብጠቶች ነበሩብኝ። አያምሙም፣ አያሳክኩም። ሜካፕ ስቀባ ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። ያስመረረኝ እሱ ነው።

ዶክተሯ እኩያዬ ትመስላለች። አፍንጫዬን በአጉሊ መነጽር አየች፤ አየች፤ ከዚያ "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ። ለፊቴ መጥቼ አፍሽን ክፈቺ መባሌ ገረመኝ። በጓንት ጣቷ ድዴን ዳሰሰች። "ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

እውነቴን ነው። ምላሴ ድዴን ሲነካው የሚሰማኝ ሻካራነት የሰው ሁሉ ድድ ይመስለኝ ነበር።

"መጽሐፍ ላይ ኮብልስቶን ይሉታል" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከቤታችን እስከ ታክሲው ድረስ በኮብልስቶን ላይ ነው ተረከዝ ስሰብር የኖርኩት፤ ለካ አፌም ውስጥ አንጥፈውልኛል።

እሷ አልሳቀችም። መዳፌን ገለበጠችና እዚያ ያሉትን ጠጣር ነጠብጣቦች አየች። ትንሽ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጡትሽን ታመሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

የቆዳ ሐኪም ናት። ስለ ጡቴ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት መልስ በመስጠት ፈንታ ነርሷን "የልብስ ሜትር ይኖር ይሆን?" አለቻት። አልነበረም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የእናቴን ሜትር በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

ያንን ሜትር ላሳያችሁ። ቢጫ ነው፤ አሁን ወደ ቅቤ ቀለም ሄዷል። ጫፉ ላይ የነበረው ብረት ወልቋል። ከ1 እስከ 4 ያሉት ቁጥሮች በእናቴ አውራ ጣት ተፍቀው ጠፍተዋል። ስለዚህ እናቴ ሁልጊዜ ከ10 ጀምራ ነው የምትለካው፤ ከዚያ 10 ትቀንሳለች። ለዶክተሯም እንደዚያው ነገርኳት። ሜትሩን ከቅንድቤ በላይ አድርጋ ከኋላ በወጣው የራሴ ክፍል አዞረችው። 69 ተኩል። 59 ተኩል ማለት ነው።

"ለሴት 58 ሲሞላ እንቆጥረዋለን፤ ለወንድ ደግሞ 60" አለች። ካርዴ ላይ ሁለት ቃል ጻፈች። ካውደን ሲንድረም። በዘር የሚወረስ ችግር ነው፤ በየአካሉ እብጠት ያወጣል፣ ለጡትና ለሌላ ካንሰርም ያጋልጣል።

ከዚህ በፊት ያለውን የጡቴን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው እብጠት የመጣው በ22 ዓመቴ ነው። ቀኝ ጡቴ ውስጥ፣ እንደ ሽምብራ። ስነካው ይሸሻል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወሰደ። "የወተት እጢ ነው፣ ስታገቢ ይጠፋል" አለኝ። ሳላገባ ሁለተኛው መጣ። "ስትወልጂ ይጠፋል" ያለኝ ደግሞ ሌላ ነው። (ጡት ነክ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ባል የሆነው ለምንድን ነው?) በ3 የተለያዩ ጊዜያት፣ በ3 የተለያዩ ቦታዎች ተቀድጄ አስወጣሁ። የፓቶሎጂው ውጤት ሁሌም አንድ ነው። ፋይብሮአዴኖማ። ካንሰር ያልሆነ እጢ። ለዚህ ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ ፋይብሮአዴኖማ በወጣት ሴቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛውም ጉዳት የለውም። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይቺ ልጅ ለምን ይደጋገምባታል?" ያለ ሰው ግን አልነበረም። በየጊዜው አዲስ ካርድ፣ አዲስ ሐኪም፣ አዲስ ታሪክ።

ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሦስቱም ቦታ ፎርም ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። በቤተሰብ ካንሰር የታመመ ሰው አለ? ሦስቴም "የለም" ብያለሁ። ስል ደግሞ አልዋሸሁም። የማውቀው እንደዚያ ነበር።

እታለም የእናቴ ታናሽ ናት። ከእኛ ጋር፣ ጓዳ በኩል ባለችው ክፍል ነበር የምትኖረው። በ1992 ዓ.ም. ሞተች፤ 41 ዓመቷ ነበር። እኔ 15። ለቅሶው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ "ባደረባት ሕመም በሕክምናና በጠበል ስትረዳ ቆይታ" ይላል። ያቺን ሐረግ ታውቋታላችሁ። ሁላችንም ቤት አለች። ስንት ዓይነት ሞት እንደተሸፈነባት እግዜር ይወቀው።

ከእታለም የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነጠላዋን ሁልጊዜ በግራ ደረቷ ላይ አጥፋ በእጇ ትይዘዋለች። ቡና ስትጠጣም፣ ስትተኛም። ሁለተኛው ዕጣን ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ቤታችን ውስጥ ቡና ሳይፈላ ዕጣን ይጨስ ነበር። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ከበሩ ጀምሮ ይቀበለኛል። የጸሎት ይመስለኝ ነበር። ዕጣኑ ምን ሽታ እየሸፈነ እንደነበር የገባኝ 22 ዓመት ቆይቶ፣ የራሴ ጡት ውስጥ ያለውን ነገር ሐኪም ሲያስረዳኝ ነው። ያልታከመ የጡት ካንሰር ቆዳን ቀዶ ይወጣል፤ ይቆስላል፤ ይሸታል።

የቆዳ ሐኪሟ ወደ ጡት ሐኪም ላከችኝ። ማሞግራፊ፣ የጡት ራጅ ማለት ነው፣ ተነሣሁ፤ ቀጥሎ አልትራሳውንድ። አልትራሳውንዱን የሠራው ልጅ መጀመሪያ እያወራኝ ነበር፤ ስለ ቤት ኪራይ። ቀኙን ሲጨርስ "እዚህ ብዙ አሉሽ፣ ግን ክብ ናቸው፣ ጠርዛቸውም ጥርት ያለ ነው" አለኝ። ግራውን ሲጀምር ወሬው ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። አንድ ቦታ ላይ መለኪያውን እያመላለሰ አራት ጊዜ ለካ። በኋላ እንደተነገረኝ ያቺ እጢ ከሌሎቹ የምትለየው በአኳኋኗ ነው። ደህናዎቹ በአብዛኛው ጋደም ያሉ ናቸው፤ ወርዳቸው ከቁመታቸው ይበልጣል። እሷ ቆማለች። ጠርዟም የተቀደደ ወረቀት ይመስላል። 14 ሚሊ ሜትር። ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር።

ግራ ጡቴ ተነሣ። ብብቴ ሥር ያሉት ዕጢዎች ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ስለ ኦፕራሲዮኑ ብዙ አልጽፍም፤ ስለሱ የጻፉ ሴቶች ሞልተዋል፣ ከእኔ የተሻለ ነው የጻፉት። አንድ ነገር ብቻ። ከነቃሁ በኋላ የመጀመሪያው እንቅስቃሴዬ ነጠላዬን ወደ ግራ ደረቴ መሳብ ነበር። እናቴ አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ደሜ ለዘረመል ምርመራ ወደ ውጭ አገር ተላከ። የ3 ወር ደመወዜን በላ። ውጤቱ ሲመጣ ፒቴን የሚባለው ጂን ላይ ስህተት አለ ይላል። ይሄ ጂን ክሮሞዞም 10 ላይ ነው ያለው። ትእዛዙ 403 አሚኖ አሲድ የተሰካካበት አንድ ፕሮቲን መሥራት ነው። የእኔ አንደኛው ቅጂ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሥራው ፍሬን መሆን ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ቸርችልን ይዞ ወደ ለገሃር የሚወርድ ሚኒባስ አስቡ። ሴል ማደግ ሲጀምር፣ መከፋፈል ሲጀምር፣ "በቃ፣ ቀስ" የሚለው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ ሁለት ፍሬን ይዞ ይወለዳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። እኔ የተወለድኩት በአንድ ነው። የጡቴ ሴሎች፣ የታይሮይዴ (የአንገቴ ዕጢ) ሴሎች፣ የማሕፀኔ፣ የቆዳዬ፣ ሁሉም በአንድ ፍሬን ነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩት። አብዛኞቹ ደህና ይደርሳሉ። ትንሽ ፈጠን ያሉት እብጠት ይሆናሉ፤ ካንሰር ያልሆነ፣ ክብ፣ የሚሸሽ። አንዷ ሴል ላይ ሁለተኛው ፍሬን ሲበጠስ ግን ሚኒባሷ አትቆምም። (ጥቁር አንበሳ ከዚያው ቁልቁለት ወረድ ብሎ መሆኑ የእኔ ፈጠራ አይደለም።)

ጓደኞቼ ሲሰሙ "የአንጀሊና ጆሊው ነው?" ነው ያሉኝ። አይደለም። ተዋናይቷ በ2013 እ.ኤ.አ. የተናገረችው ብራካ አንድ ስለሚባል ሌላ ጂን ነው። ብራካ በአንጻሩ የታወቀ ዘመድ ነው። የእኔው ብርቅ ነው፤ ከ200,000 ሰው አንድ ይባላል። ይሄን ቁጥር ግን ብዙ አላምነውም፤ የሚቆጠረው የታወቀ ሰው ብቻ ነው። ትልቅ ራስ፣ እንቅርት፣ ኪንታሮት የመሰለ ነገር፣ የወተት እጢ። እነዚህን በየፊናቸው ይዞ የሚኖር ሰው ማን ይቆጥረዋል? ስሙ ራሱ የመጣው በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሎይድና ዴኒስ የተባሉ ሐኪሞች ከመዘገቧት ታማሚ ቤተሰብ ነው። ካውደን የዚያ ቤተሰብ ስም ነው። ጂኑ የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ.፤ በእኛ በ1989 አካባቢ። እታለም በሕይወት ነበረች።

ስለ ቁጥር ካነሣን አይቀር፣ የመጀመሪያ ቀን ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ይህ ችግር ካለባቸው 100 ሴቶች 85ቱ በሕይወት ዘመናቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል የሚል። አሜሪካ ውስጥ ለማንኛዋም ሴት 12 ወይም 13 ነው የሚባለው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሐኪሜ በኋላ አረጋጋችኝ። የቆዩ ግምቶች ከ25 እስከ 50 ነበር የሚሉት፤ 85 የሚለው የተገኘው በአብዛኛው ታመው የመጡትን በመቁጠር ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ የከተማውን ሰካራም እንደመቁጠር በሉት። እናቴ ራሷ ማስረጃ ናት። ያው ስህተት እሷም ላይ አለ፤ 68 ዓመቷ ነው፤ ጡቶቿ በእብጠት የተሞሉ ናቸው፤ አንዱም ካንሰር አይደለም።

የእናቴ ነገር ሌላ ቦታ ነው የወጣው። እንቅርት ነበረባት። በ1985 ዓ.ም. በኦፕራሲዮን ወጣላት። ቤተሰባችን ከመንዝ ነው የመጣው፤ የደጋ ሰው እንቅርት ያወጣል፣ ጨዉ አዮዲን የለውም፣ አለቀ። አገሩ ሙሉ እንቅርት በነበረበት ዘመን የእሷን ማን ለይቶ ያያል? በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ ወጣ፤ እናቴ ግን ያኔም አንገቷ ላይ አዲስ ጓል እየዳሰሰች "ጨዉን አጭበርብረውታል" ትል ነበር። ጨዉ ምንም አላደረገም። የአዮዲን እጥረት የብዙ ሰው እንቅርት ምክንያት ነው፤ የእሷ ግን የፍሬን ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እሰማ ነበር። በእንቅርት ላይ ትልቅ ራስ የሚል ተረት ግን አልነበረንም።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ለኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲነሣ እኛም ዕቃችንን አወጣን። ስለ መፍረሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ የምፈልገው አንዲት ነገር ነው። የእታለምን ክፍል ሳጥን ስንከፍት መዝሙረ ዳዊቷን አገኘን፤ ከነማኅደሩ። ማኅደሩ ውስጥ አራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ የተላከችበት። ቀኑ የካቲት 1991 ይላል። በእስክሪብቶ፣ በሐኪም እጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ። መሀሉ ላይ ሁለት ፊደል አለች፤ ሲ ኤ። ካንሰር ብለው ሙሉውን ላለመጻፍ የሚያሳጥሩባት። ከጎኗ "ግራ ጡት"።

እናቴ አቧራ እያራገፈች ነበር። ወረቀቱን አሳየኋት።

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር?"

ዝም አለች። ከዚያ ሲንገሯ ላይ ተቀመጠች። መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ፣ በገመድ ታስራ፣ ለጉዞ ተዘጋጅታ ነበር። እሷ ላይ ነው የተቀመጠችው።

"ዶክተሩ ጠርቶ ነገረኝ። ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ ተስፋ ትቆርጣለች አለኝ። እኔም አልነገርኳትም።"

"እና ወረቀቱ እሷ ዳዊት ውስጥ ምን ይሠራል?"

እዚህ ላይ ነው እናቴ ያለቀሰችው። እታለም እስከ 10ኛ ክፍል ተምራለች፤ ፊደሎቹን ታነባለች። አውቃ ነበር። ለእናቴ ግን አልነገረቻትም፤ ተስፋ እንዳትቆርጥ። ሁለት እህትማማቾች፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ዓመት ከምናምን፣ አንዱን ምስጢር አንዷ ከሌላዋ ሲደብቁ። እንጦጦ ኪዳነምሕረት ጠበል አብረው እየወጡ። አንዷ ቆርቆሮውን ይዛ፣ ሌላዋ ነጠላዋን ይዛ።

ተናደድኩ። እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። በእናቴ አይደለም። ለታማሚ አይነገርም የሚለውን ደንብ ያወጣው ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ወረቀት በእኔ እጅ ቢሆን፣ በ22 ዓመቴ ፎርሙ ላይ "አክስቴ፣ በ40 ዓመቷ" ብዬ እጽፍ ነበር። ያን የጻፈች ሴት በዓመት አንዴ ጡቷን ትታያለች። የውጭዎቹ መመሪያዎች ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው በ25 ዓመት በሐኪም እጅ መታየት፣ በ30 ዓመት ደግሞ በየዓመቱ ማሞግራፊና ኤምአርአይ ይጀመር ይላሉ። ወይም ከቤተሰቡ ቀድሞ የታመመው ሰው ከታመመበት ዕድሜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቀደም ብሎ። እኔ በ37 ዓመቴ በሜካፕ ሰበብ ነው የደረስኩት።

ዶክተሯ የቤት ሥራ ሰጥታኝ ነበር። የዘር ሐረግ ሥሪ፤ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ሞተ። ቀላል መሰለኝ። እኛ እኮ ዘር ቆጣሪ ሕዝብ ነን። ጋብቻ ሲመጣ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እናቴ እስከ ሰባተኛው ያለውን በአንድ ትንፋሽ ትወርደዋለች። "በምን ሞቱ?" ስላት ግን ከሁለተኛው ቤት አላለፈችም።

ስለዚህ እማሆይ ጋ ሄድኩ። የአያቴ እህት ናቸው፤ ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ ጊዮርጊስ አካባቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ዘጠና አልፏቸዋል። ጆሯቸው ደክሟል፤ ጭንቅላታቸው ግን ምላጭ ነው። ዳቦና ቡና ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ስለ ነፍስ አወራን፤ ያ ግዴታ ነው። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ።

"እማሆይ፣ አያቴ በምን ነበር የሞቱት?"

"እግዜር ጠርቷት።"

"ሲጠራቸው ምን ያማቸው ነበር?"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለኝ። "በጡቷ" አሉ። ሌላ ነገር ሲያወሩ በሚያወሩበት ድምፅ። "ቆስሎ ነበር። የመንዝ አዋቂ ቅጠል አደረገላት። ነቀርሳ ነው ያሉም ነበሩ። ከዚህ በፊት አትጠይቂም ነበር፣ ዛሬ ምን ነካሽ?" ብርድ ልብሱን እያስተካከሉ ቀጠሉ። "እናታችንም እንደዚያው ናት። የእሷ ራስ ደግሞ! ሻሽ በሁለት ነው የምታስረው፤ አንዱ አይደርስላትም።"

ደብተሬ ላይ ሁለት ክብ አጠቆርኩ። ክብ ለሴት ነው፤ አራት ማዕዘን ለወንድ፤ የታመመው ይጠቆራል። ቅድመ አያቴ፣ አያቴ፣ እናቴ፣ እታለም፣ እኔ። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ በእማሆይ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ነው የጠፋው። ልሄድ ስነሣ ሜትሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"እሱ ምንድን ነው?"

"ራስዎን ልለካ ነበር፣ ከፈቀዱ።"

ሣቁ። ቆባቸውን በገዛ እጃቸው አወለቁ። ከ10 ጀምሬ አዞርኩት። 64። 54 ማለት ነው። የኮፍያ ችግር የለባቸውም። "እኔ አባቴን ነው የምመስለው" አሉ፤ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

አንድ ለአንድ ነው ዕድሉ። ስህተቱ ያለበት ሰው በወለደ ቁጥር ዘውድና ጎፈር ይጣላል። እማሆይ ላይ ዘውድ ወጣ። ወንዱም ላይ እኩል ይጣላል፤ ወንድ ሳይታመም ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የታይሮይድና የሌላ ካንሰር ዕድሉም ከፍ ይላል። ከደሜ ውጤት በኋላ ይሄን ለወንድሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ወንድሜ የ6 ዓመት ልጅ አለው። ልጁ ቆንጆ ነው፣ ሳቂታ ነው፤ አፉን የፈታው ዘግይቶ በ4 ዓመቱ ነው፤ ራሱ ደግሞ የእኛው ራስ ነው። የራስ ትልቀትና የንግግር መዘግየት አብረው ሲመጡ ከዚህ ጂን ጋር ሊያያዙ ይችላሉ። ልጁ ላይ ከተገኘ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ታይሮይዱን በአልትራሳውንድ በየዓመቱ ማየት ነው የሚመከረው። አልትራሳውንድ አያምም። ቀዝቃዛ ጄል ነው፣ በቃ።

ምራታችን አልተቀበለችውም። "ልጄ ላይ ታርጋ አትለጥፉበት" አለች። አልተቀየምኳትም። በዘር ነው ሲባል በዚህ ከተማ ጆሮ ይቆማል፤ ነገ ሲያድግ ማን ልጁን ይድርለታል የሚል ነገር አለ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዚያም ጭምር ነው። ወንድሜ በመሀል ሆኖ ዝም አለ። እሱ ራሱ አልተመረመረም። ስጠይቀው "ጊዜ የለኝም" ይላል። ጊዜ የሌለው ሰው ቅዳሜ ሙሉ ቀን ኳስ ሲያይ ነው የሚውለው።

እኔስ? ቀኝ ጡቴ አለ። ሐኪሜ ሁለቱን መንገድ ዘርዝራልኛለች። እሱንም ማስነሣት፤ ወይም በየዓመቱ ማሞግራፊና ኤምአርአይ። የመጀመሪያውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ እገባቸዋለሁ። እኔ ለጊዜው ሁለተኛውን ይዣለሁ። ጀግንነት አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። የጡት ኤምአርአይ የሚሠራበት ቦታ መፈለግ፣ ብር ማጠራቀም፣ ማሽኑ ውስጥ በደረቴ ተደፍቼ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ያንን ድምፅ መስማት። በየጊዜው ክብ እብጠቶቼ ይቆጠራሉ። ባለፈው 7 ነበሩ። ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በየቀኑ እውጣለሁ፤ እሱ ደግሞ ማሕፀንን ስለሚነካካ፣ የእኔም ማሕፀን በአንድ ፍሬን ስለሚሄድ፣ እሱም ይታያል። በየ6 ወሩ አንድ ቦታ ወረፋ እይዛለሁ። ፌስታሌ ፋይል ሆኗል። ሦስቱ የድሮ ወረቀቶች አሁን አንድ ላይ ናቸው፤ የእታለምም ወረቀት አብሯቸው አለ፤ አራት እጥፉ ሊበጣጠስ ስለሆነ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሜትሩ እኔ ጋ ቀርቷል። እናቴ አዲስ ገዛች፤ ብረት ያለው፣ ከ1 የሚጀምር። "አልለመድኩትም" ትላለች፣ አሁንም ከ10 ነው የምትለካው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ፣ ስልኬ ጮኸች። ወንድሜ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር። "ለወንድ ስንት ነው ያልሽው?"

"60" አልኩት።

አነበበው። ምንም አልጻፈም። ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። ከኋላው የልጁ ድምፅ ይሰማል፤ ጫማዬ የታለ እያለ።

"ቤት ያለው የአናጢ ሜትር ነው" አለኝ። "እሱ አይታጠፍም። ስትመጪ የእማዬን ይዘሽ ነይ።"